ጭፈራው የቆመበት ገና

ታኅሣሥ 29፣ የገና ዕለት፣ ቁይ

ዛሬ በገና ጨዋታ የሙላትን ግንባር በዱላ ፈለጥኩት። ሙላት የትምህርት ቤታችን ዘበኛ ነው፤ እኔ ርዕሰ መምህሩ ነኝ። ሜዳው ላይ ግን እሱ የታች መንደር አለቃ፣ እኔ የላይ መንደር አለቃ ነበርን።

የእንጨቷን ኳስ፣ ሩሯን፣ ልመታ ስል የሱ ዱላ ቅልጥሜን አገኘው። ወደቅሁ፤ አገቡብን፤ ተሸነፍን። የታች መንደሮች ከበውኝ ይጨፍሩ ጀመር፦

«ቢሮ ሲገባ ይንጎማለላል፣
ሜዳ ሲወጣ ይንከባለላል።»

ወጉ ነው። በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ። ሳቅሁ፤ ሳቄ ግን ከጥርሴ አላለፈም። ባለፈው ሳምንት ደብረ ማርቆስ ሄጄ ለመምህራን፣ «የራሱን ዋጋ የሚያውቅ መሪ ስድብ አያቆስለውም፤ በደስታ ይመራል» ብዬ አሠልጥኛለሁ። አጨብጭበውልኛል። ይህን ቁጣዬን ለመግራት ስንት ሱባኤ ገብቻለሁ። ማን እንደሆንኩ የነገረችኝ ግን ይቺ ዱላ ናት። ሙላት ሊያነሳኝ እጁን ዘርግቶ ጎንበስ ሲል ነው የመታሁት።

ደሙ ጋቢው ላይ ተንዠቀዠቀ። ወንድሙ ዱላ አንስቶ ሲመጣብኝ ሙላት ራሱ አንቆ ያዘው። «ተው፣ ጨዋታ ነው» አለው። ከዚያ በደም የተሸፈነ ፊቱን ወደ ሰዎቹ አዞረና፣ «ምን ሆናችሁ? ጨፍሩ እንጂ» አላቸው።

ማንም አልጨፈረም። በወጉ ቢሆን ተሸናፊው አለቃ እስከ ደጁ እየተሰደበ ነው የሚሸኘው። እኔ ብቻዬን ገባሁ። መንገድ ላይ ያገኘኝ ሁሉ ዳር እየያዘ እጅ ነሳኝ።