ማደግ የረሱ ሴሎች

ሰኞ፣ ጥቅምት 3
ዛሬ ላቦራቶሪ ውስጥ ሴሎቹ ላይ መድኃኒቱን ጨመርሁ። ጠብታ በጠብታ።

ሴሎቹ ድሮ በደም ካንሰር ከሞተች አንዲት የባሕር ማዶ ሴት የተወሰዱ ናቸው። ነጭ የደም ሴል መሆን ሲገባቸው በልጅነታቸው ቀሩ። ሳያድጉ ይባዛሉ፣ ይባዛሉ፣ አይሞቱም። ከቫይታሚን ኤ የሚሠራው ይህ መድኃኒት ያሳድጋቸዋል ይባላል። የእኔ ሥራ፣ ሲያድጉ የትኛው ጂን እንደሚነሣና የትኛው ዝም እንደሚል ማየት ነው።

የቀሩን እነዚህ ብቻ ናቸው። ያለፉት ሻጋታ ገብቶባቸው ተደፉ። እነዚህም ከተበላሹ ምርቃቴ ለከርሞ ነው።

የሚያሳስበኝ፦ ሻጋታ። መብራት። እኔ ራሴ።

ማክሰኞ
ምንም የለም። ክብ ክብ እንዳሉ ናቸው። ለጂን ምርመራ ጥቂት ወስጄ ፍሪዘር ውስጥ አስቀመጥሁ፤ በየቀኑ እንዲሁ አደርጋለሁ።

ከላቦራቶሪ ስወጣ ከተማው ጫፍ ካለው ሐይቅ ዳር ተቀመጥሁ። ጉሙ ውኃውንና ሰማዩን አንድ አድርጎት፣ ጀልባዎቹ አየር ላይ የቆሙ ይመስሉ ነበር። ስንት ሰዓት እንደቆየሁ አላውቅም።

ረቡዕ
አባባ ከሚያስተምሩበት ከደሴቱ ገዳም መጥተው ሹም አቦ ሰፈር እኔ ቤት አረፉ። መሪጌታ ናቸው፤ ነገር ከሥሩ ካልገባቸው አይለቁም። ስለ ሴሎቹ ነገርኋቸው።

«ሴትዮዋ ስሟ ማን ነበር?» አሉኝ።

«እኔ አላውቀውም፣ አባባ።»

«በየቀኑ እያየሻት?»

ቡና ቀዳሁላቸው።

«ሲያድጉስ ምን ይሆናሉ?»

«እንደ ማንኛውም የደም ሴል ጥቂት ቀን ኖረው ይሞታሉ።»

ጋቢያቸውን አስተካከሉ። ከዚያ «ስሟን እሱ ያውቀዋል» ብለው ለጸሎት ተነሡ። እኔ ከተቀመጥሁበት አልተነሣሁም።

ሐሙስ
አንዲት ሴት በሕልሜ አየሁ። ፊቷን ወደ ሐይቁ አዙራ ጸጉሯን ታጥባለች። ልጠራት ስል ስም የለኝም። ስነቃ ትራሴ ረጥቧል።

ላቦራቶሪ፦ መባዛቱ ቀዝቅዟል። ቢጫውን ቀለም ጨመርሁ፤ የበሰለ ሴል ውስጡ ጥቁር ሰማያዊ ያደርገዋል። ጠበቅሁ። አንድ ጠቆረ። ሌላም። ከዚያ ብዙ። ለማነጻጸር መድኃኒት ያልሰጠኋቸው ግን እንዳሉ ቀሩ።

ደስ አለኝ፤ ትንሽም ከፋኝ። ለምን እንደሆነ ለማንም አልተናገርሁም።

አርብ
አባባ በጠዋቱ ጀልባ ተመለሱ።

አማካሪዬ የቀለሙን ፎቶ አይተው «መልካቸው አይበቃም፤ ጂኖቹ ይናገሩ» አሉኝ። ከፍሪዘር አወጣሁ። ጂኖቹ የላኩትን መልእክት ከየቀኑ ናሙና ለይቼ መሣሪያው ውስጥ ከተትሁ። በመሐል መብራት ሄደ። መጠባበቂያ ባትሪው ያዘልኝ። መብራቱ እስኪመለስ መሣሪያው አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጥሁ።

ቅዳሜ
ውጤቱ ወጣ። የሚያባዛው ጂን ከማክሰኞ ጀምሮ ዝቅ፣ ዝቅ እያለ ሐሙስ ዝም ብሏል። የብስለቱ ጂን ደግሞ ቀስ እያለ ተነሥቷል። ሦስት ጊዜ ከደጋገምሁት ልኬት አንዱ ከሌሎቹ ጋር አልተስማማም። አማካሪዬ «እሱን ትደግሚዋለሽ። ሁለቱ ግን ጥሩ ናቸው» አሉ።

ለአባባ ደወልሁ።

«አደጉ ነው የምትይኝ?»

«አደጉ።»

ከስልኩ ወዲያ የወፍ ድምፅ ብቻ ይሰማኛል። ስልኩን አስቀምጠው የሄዱ መሰለኝ።

«አባባ?»

«አለሁ። አንቺስ እህል ቀመስሽ?»

ከትናንት ጀምሮ እንዳልበላሁ ያኔ ትዝ አለኝ። «አሁን እበላለሁ» አልሁ፤ እውነቴን ነበር።