ስለ ሆዳን እግር

ሐርጌሳ፣ ኮድቡር
ሰኞ፣ ኅዳር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተወደዱት አባቴ፤

ይህ ወረቀት እጅዎ ሲገባ ቤተ ሰቡ ሁሉ በጤና እንደሚሆን ተስፋ አደርጋለሁ። የእናቴ ሳል ቀለል ብሏት እንደሆነ ብሰማ ደስ ይለኛል። እኔ ጤነኛ ነኝ። ሐርጌሳ እንደ በርበራ አይደለችም፤ ከፍታ ላይ ስለሆነች ሲመሽ ይበርዳል፤ ይዤው የመጣሁት ሹራብም አንድ ብቻ ነው። ስለ ራሴ ከዚህ የበለጠ የምነግርዎ ችግር የለኝም።

በስልክ ፈንታ በወረቀት የጻፍሁበትን ምክንያት ልሰውርዎ አልፈልግም። በቴሌግራም የምልክልዎ ሁሉ ከእርስዎ ወደ ጸሎት ቡድኑ፣ ከጸሎት ቡድኑም እኔ ወደማላውቀው ስፍራ ይሄዳል። ወረቀት ግን የሚሄደው ሰው ሲይዘው ብቻ ነው። የሚያደርስልዎ ደምሴ ከበርበራ ወደብ ጭነት የሚያመላልስ ሾፌር ነው፤ እሑድ ሳይደርስ ዲላ እንደሚገባ ቃል ሰጥቶኛል። መንገዱ አድካሚ ነውና ምሳ ሳይበላ እንዳይሸኙት።

ቡድናችን በርበራን ለቅቆ እዚህ ከተቀመጠ ወር ሊሞላው ነው። ለምን እንደ ለቀቅን እናንተ ዘንድ «ስደት ተነሣባቸው» ተብሎ እንደ ተነገረ ሰምቻለሁ። ስደት አልተነሣብንም፤ ማንም በክፉ ዓይን አላየንም። ወደ በርበራ የሄድነው እግራቸውና እጃቸው ለማይታዘዝላቸው ሕፃናት የፊዚዮቴራፒ ሕክምና ለመስጠት ነበር። ስብከት በአገሩ ሕግ የተከለከለ መሆኑ ስንገባ ተነግሮናል፤ ተቀብለን ፈርመናል። እርስዎም እጅዎን ጭነው ሲሸኙን ያውቁት ነበር።

ስለ ሲራድ እንደ አዲስ ልንገርዎ፤ ምክንያቱም እናንተ ዘንድ የምትታወቀው ሲራድ እኔ የማውቃት አይደለችም። ድሬዳዋ ተወልዳ ያደገች፣ አማርኛዋ ከእኔ የሚፈጥን፣ ለሳቅ የማትሰስት ሙስሊም ሴት ናት። ባሏ ባሬ ወደብ ላይ ይሠራል። ልጃቸው ሆዳን ስትወለድ ባገኛት ጉዳት እግሮቿ ደርቀው እስከ ስድስት ዓመቷ ድረስ አልቆመችም። ጨዋማ ውሃ ሰውነትን ስለሚያነሣ፣ መሬት ላይ የማይጸና እግር ባሕር ውስጥ ይጸናል፤ ስለዚህ ፀሐዩ ሳይከር ወደ ባሕሩ ዳርቻ እንወርድ ነበር። እናት አብራ ካልገባች ሆዳን አትገባም። ሲራድ ደግሞ ውሃ ትፈራለች። «እኔ የማውቀው ውሃ የድሬው ደቻቱ ወንዝ ነው፤ እሱም የሚመጣው ሰው ሊወስድ ነው» ትለኝ ነበር።

በመጨረሻ ከነአባያ ቀሚሷ እስከ ደረቷ ገባች። ሆዳንም እጄን ለቅቃ ለብቻዋ ቆመች። የቡድናችን መሪ እህት ሀረገወይን ፎቶ ያነሣችን በዚያ ቅጽበት ነው። ሲራድ ፎቶውን አይታ «ለአባትሽ ላኪላቸው፤ ዱዓ የሽማግሌ ነው» አለችኝ። ላክሁልዎ። ከፎቶው ሥር አጭር ጽሑፍ ነበረበት። እሑድ በቤተ ክርስቲያናችን ስክሪን ላይ የታየው ግን ፎቶው ብቻ ነበር፤ ከላዩም «የበርበራ የመጀመሪያ ፍሬ» ተብሎ ተጽፎበታል። እርስዎም ስሟን ጠርተው ከባሕሩ ተጠምቃ ወጣች አሉ፤ ሕዝቡም እልል አለ። ጽሑፉ የት እንደ ቀረ አልጠየቅሁዎትም፤ አሁንም አልጠይቅዎትም።

የእሑዱ ፕሮግራም በቀጥታ ይተላለፍ እንደ ነበር ያውቃሉ። በርበራና ሐርጌሳ ውስጥ ኢትዮጵያ ያደገ፣ አማርኛ የሚሰማ ሶማሌ ብዙ ነው። ቪዲዮው ሳምንት ሳይሞላው ወደቡ ላይ በባሬ ባልደረቦች ስልክ ተገኘ። የባሬ እናት መጥታ ሆዳንን ሐርጌሳ፣ አያሃ ሰፈር ወደሚገኘው ቤቷ ወሰደቻት። ሲራድ ልጇን ተከትላ መጣች፤ የአማቷን ደጅ እንዳታልፍ ተከልክላ 26 ጁን ሰፈር አክስቷ ቤት ተቀምጣለች። እኛንም ድርጅታችን ለሁሉም ደኅንነት ሲል ከበርበራ አነሣን።

ባለፈው ሳምንት በአክስቷ በኩል ላከችብኝ። እኔ ወደ ቤቷ ብሄድ ወሬውን ማጽናት ስለሚሆን፣ እንደ ገዢ ሆኜ አክስቷ ሱቅ ገባሁ። ከባንኮኒው ጀርባ ተቀምጣ ነበር።

«አንቺ ልጅ፣ እኔ ክርስቲያን ስሆን እኔን ለምን አልጠራችሁኝም?» አለችኝ።

አቀረቀርሁ።

«አቦ፣ ሳቂ እንጂ። እንዲህ ካቀረቀርሽ ሰው ለቅሶ የመጣሽ ይመስለዋል። ሶፍት ግዢ በይ።»

ሶፍት አነሣሁ። ስለ ሆዳን ስጠይቃት ሳቋ ቆመ።

«በጎረቤት በኩል እሰማለሁ። ተረከዟ መሬት መንካት አቁሟል አሉኝ። ምን ማለት ነው?»

ጅማቱ እያጠረ ነው ማለት እንደሆነ ነገርኋት። ሌላ ሊባል የሚችል እውነት አልነበረም።

«ባሬ ያምነኛል» አለች። «በየቀኑ ደውሎ ‹አምንሻለሁ፣ ወላሂ› ይለኛል። የጎሳው ሽማግሌዎች ፊትም ሸሃዳዬን ብያለሁ፤ እስልምናዬን መስክሬያለሁ። እናቱ ግን ‹የሃይማኖት አባት ነው ያሉት፣ እንዲያ ያለ ሰው ለምን ይዋሻል?› ትላለች። ምን ልበላት? አባትሽ ናቸው፤ አንቺ ንገሪኝ። ለምን ይዋሻሉ?»

አባቴ፣ ለሶፍቱ ከፍዬ ወጣሁ።

ሽማግሌዎቹ የወሰኑት ይህ ነው። ያን ቃል የተናገረው ሰው በተናገረበት ስፍራ ቆሞ፣ ይህች ሴት ሃይማኖቷን አልለወጠችም፣ ፎቶውም የልጇ ሕክምና ነው ብሎ ቢመሰክር፣ ሆዳን ወደ እናቷ ትመለሳለች። በዚህ ሳምንት መጨረሻ ካልተሰማ ግን አያቷ ቡርዖ ከተማ ወዳሉት ወገኖቿ ይዛት ትሄዳለች። በእኔ ግምት ሽማግሌዎቹ ጨካኞች አይደሉም፤ ከዚህ የቀለለ ምን ሊጠይቁ ይችሉ ነበር?

እኔ የሞከርሁት ሁሉ ከንቱ ሆኗል። ልመስክር ብል የእኔ ቃል ለእነሱ የእናንተ ወገን ቃል ነው። እህት ሀረገወይን ለሽማግሌዎቹ ልትጽፍ ብታስብ ድርጅቱ ከለከላት። የሆዳንን ጅማት ለመሳብ የሚሆን ላስቲክ ከነአጠቃቀሙ በአክስቷ በኩል ልኬ ነበር፤ አያቷ ሳትፈታው መለሰችው። እዚህ ተቀምጬ ሕፃኗ ቀን ቀን ምን ያህል እንደምትደርቅ በሙያዬ አሰላለሁ። የተማርሁት ትምህርት ለዚህ ብቻ የጠቀመኝ ይመስለኛል።

በስልክ ስለምንዎ «ልጄ፣ በሕዝብ ፊት የተናገርሁትን ብመልስ የስንቱ እምነት ይናወጣል?» አሉኝ። ጉባኤው «ፍሬው የት አለ?» እያለ ሁለት ዓመት ሙሉ እንዳስጨነቀዎ አላጣሁትም። ቢሆንም አንድ ነገር ላስታውስዎ። ወንድሜ አይናለም የጎረቤታችንን ልጅ ሳይሰርቅ ሰረቀ ብሎ በተናገረ ጊዜ፣ እጁን ይዘው ሰፈሩን ሁሉ አዞሩት፤ በሰማው ሰው ሁሉ ደጅ «ዋሽቻለሁ» አስባሉት። እናቴ ልጁ ይዋረዳል ብትልዎ «መዋረድ ያለበት እሱ ነው ወይስ ያ ልጅ?» ብለው መለሱላት። እኔ ስለ እውነት የማውቀውን ሁሉ የተማርሁት ያን ቀን እርስዎን ተከትዬ ነው።

ከዚህ ደብዳቤ በቀር በእጄ የቀረ ነገር የለም። እሑድ ጠዋት ስልኬን ከፍቼ እመለከታለሁ። ሲራድም በአክስቷ ሱቅ ሆና ትመለከታለች፤ አስተርጓሚ አያስፈልጋትም።

ጌታ ዕድሜዎን ያርዝምልኝ፤ በቆሙበት ሁሉ ያጽናዎ። እናቴን በእኔ ስም ይሳሙልኝ። ቢያደርጉትም ባያደርጉትም አባቴ ነዎት፤ ይህን የምጽፈው አስቤበት ነው።

አክባሪ ልጅዎ
ረድኢት

ምናልባት ከስልክዎ ጠፍቶ እንደሆነ፣ ከፎቶው ሥር የነበረው ጽሑፍ ቃል በቃል ይህ ነው፦ «ይህች ሆዳን ናት። ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ለብቻዋ ቆመች። አጠገቧ ያለችው እናቷ ሲራድ ሙስሊም ናት፤ ስለ ልጇ እግር እንድትጸልዩላት በትሕትና ትጠይቃለች።»