እማ ያልቀሰቀሰችኝ ጠዋት

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 14 ቀን 2010 ዓ.ም.፣ ከሚሴ

ትናንት ስልኬን አፕዴት አደረግሁት። መልኩ አምሯል፣ የአማርኛ መጻፊያም መጥቶለታል። የእማን ድምፅ ግን በልቶብኛል።

የቀዳኋት የመጨረሻ ረመዳኗን እዚህ እኔ ጋ ስታሳልፍ ነበር። ጨፋ ያለው ቤቷ ስትሆን ኔትወርክ እየጠፋ ለሱብሂ ሶላት ደውላ እኔን መቀስቀስ አቅቷት ነበር። "እንግዲያው እዚሁ ውስጥ ልጥራሽ" አለችና ስልኩ ላይ ጮኸችበት፤ አጠገቧ ተቀምጬ፣ ወንዝ ማዶ ያለሁ ይመስል፣ በኦሮምኛ ጀምራ። "ከኢ! ከኢ! ተነሽ ልጄ፣ ሱብሂ እንዳያመልጥሽ!" መጨረሻው ላይ ሳሏም ይሰማል። ከሞተች ጀምሮ የማንቂያ ደወሌ እሱ ነበር።

ዛሬ በእሱ ፈንታ የማላውቀው ሙዚቃ ጮኸ። ሲነጋ ስልክ ጠጋኙ ጋ ሮጥኩ። ነካክቶ ነካክቶ፣ "የለም እህቴ። ለሌላ ሰው አልላክሽውም?" አለኝ።

አልላክሁም። ወንድሜ ስንቴ ለምኖኝ "የኔ ነው" ብዬ ከልክዬዋለሁ። አሁን ምን ብዬ ልንገረው? ያ ረቢ!

እሱም እማም የማያውቁት ነገር አለ። እኔ ሁሌም ከደወሉ በፊት እነቃለሁ። እስክትጠራኝ ነው ዓይኔን ጨፍኜ የምተኛው። ዛሬም ጨፍኜ ጠበቅኋት።