ለኮንቴይነር ክፍሎቻችን ታዛ የሠሩልን የበያጃችን ዕረፍት

የማሠልጠኛ ተቋማችን የብየዳ ክፍል ኃላፊ፣ ሁላችንም «ጋሽ ውሃ ልክ» እያልን የምንጠራቸው ባልደረባችን ባደረባቸው ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ባለፈው ሰኞ ጠዋት ማረፋቸውን የምንገልጸው በከባድ ኀዘን ነው። ጡረታ ሊወጡ አራት ወር ቀርቷቸው ነበር። ይህን መግለጫ የምናወጣው በዋናነት ለማመስገን ነው። በሕይወት ሳሉ ሦስት ጊዜ ጠይቀውን ሳንፈጽምላቸው ለቀረነው አንድ ጉዳይም እዚሁ እልባት እንሰጣለን። ጉዳዩ በግል ማኅደራቸው ውስጥ የተቀመጠ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ነው።

ተቋማችን አሥራ አንድ የመርከብ ኮንቴይነሮች ነው። ኮንቴይነር የተሠራው ለዕቃ እንጂ ለሰው አይደለም። ከረፋዱ አራት ሰዓት በኋላ ግድግዳው እጅ አያስነካም፤ ዝናብ ሲጥል ደግሞ ከጣራው ጩኸት የተነሣ አሠልጣኝና ሠልጣኝ የሚግባቡት በጥቅሻ ነበር። ባልደረባችን በተቀጠሩበት ዓመት የከሰዓት በኋላውን ፈረቃ ጨርሶ ለመዝጋት ቃለ ጉባኤ ተይዞ ነበር። ፈረቃው ያልተዘጋው በእሳቸው ነው።

በመጀመሪያው ዓመት፣ ጥቅምት። የተቀጠሩት የበር ማጠፊያ እንዲጠግኑ ነበር። ማጠፊያውን በሁለት ቀን ጨርሰው በሦስተኛው ቀን ጣራ ላይ ወጡ። አሥራ አንዱንም እየተራመዱ በጠመኔ ምልክት አደረጉ። ከዚያም የኮንቴይነር ጉልበት ያለው በአራቱ ማዕዘን እንጂ በጣራው እንዳልሆነ፣ ጣራው ስስ ላሜራ ስለሆነ ቢበሱት እንደሚያፈስ፣ በማዕዘኖቹ ላይ ቋሚ ብረት በይዶ ሁለተኛ ጣራ ከፍ አድርጎ ማልበስ እንደሚቻልና በመካከሉ ነፋስ ካለፈ ክፍሉ እንደሚቀዘቅዝ አስረዱ። «ጣራ ላይ ጣራ፣ ባርኔጣ ላይ ባርኔጣ» ብለን ስቀን ነበር።

በዚያው ዓመት፣ መጋቢት። የመጀመሪያው ታዛ፣ ያ ያሉት ሁለተኛ ጣራ፣ በልብስ ስፌት ክፍል ላይ ተሠራ። ባልደረባችን ታዛው ወደ ኋላ ዘንበል እንዲል ጠይቀው ነበር። በወቅቱ በተያዘው ቃለ ጉባኤ ላይ የተናገሩት እንዲህ ይላል፦ «ውሃ መሄጃ ካላገኘ ይቀመጣል፤ ከተቀመጠ ይከብዳል።» አስተዳደሩ ግን ለምረቃው እንግዶች ይመጣሉ፣ ከመንገድ ሲታይ የተጣመመ ይመስላል ብሎ አልተቀበላቸውም። አስተዳዳሪው የአግድም ልክ ማያውን መሣሪያ፣ ውሃ ልኩን፣ ከሳጥን አውጥተው በእጃቸው ሰጧቸውና ቀጥ አድርገው እንዲያስሩት አዘዙ። እንደታዘዙት አደረጉ። ታዛው በፎቶግራፉ ላይ በጣም ያምራል።

በዚያው ዓመት፣ ሰኔ። በሁለተኛው ትልቅ ዝናብ ውሃው ታዛው ላይ ተኛ። ቆርቆሮው ጎበጠ፣ ማሰሪያው ተነቀለ፣ ውሃውም በአንድ ጊዜ በበሩ ወደ ስፌት ክፍሉ ገባ። ሰዓቱ የዕረፍት ስለነበር ሰው አልተጎዳም፤ ስድስት የስፌት መኪኖች ግን ተበላሹ። በሳምንቱ አስተዳደሩ «በሥራ ጥንቃቄ ጉድለት» የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጣቸው፣ ግልባጩንም በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለጠፈ። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል፤ «ውሃ ልክ» የሚለው ስም የወጣላቸው ያን ሳምንት ነው። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፣ ይህንን ያወጣነው ግን እኛ ነን። እሳቸው በስሙ ሲጠሩ «አቤት» ይሉ ነበር፤ በኋላም በብየዳ የፊት መከለያቸው ላይ በነጭ ቀለም ጻፉት። ታዛውን በአራት ቅዳሜ አፍርሰው፣ ዘንበል አድርገውና አሸንዳ አበጅተውለት መለሱት። ከስድስቱ መኪኖች አምስቱን ከስፌት አሠልጣኟ ጋር ፈትተው፣ ዘይት አጠጥተው አስነሡ። እስከ ዛሬ ይሰፋባቸዋል።

በሦስተኛው ዓመት፣ ኅዳር። ከጥበቃ ክፍሉ በቀር የአሥሩም ኮንቴይነሮች ታዛ ተጠናቀቀ። በቀትር ሠላሳ ዘጠኝ ዲግሪ ይደርስ የነበረው የስፌት ክፍል ሙቀት ወደ ሃያ ዘጠኝ ወረደ። ሊዘጋ በነበረው ፈረቃ እስካሁን ከሁለት ሺህ በላይ ሠልጣኞች ተምረው ወጥተዋል፤ ብዙዎቹ ጠዋት ጠዋት ልጅ የሚያሳድጉ እናቶች ናቸው። ለእነሱ ፈረቃው ቢዘጋ ሌላ ሰዓት አልነበራቸውም።

በአምስተኛው ዓመት። አንድ ታዛ ቀለም ከመቀባቱ በፊት ሁለት በርሜል ውሃ ከላይ እንዲደፋበት፣ የሠራው ሰውም ከሥሩ ወንበር አድርጎ እንዲቀመጥ ደንብ አወጡ። መጀመሪያ የተቀመጡት ራሳቸው ናቸው። «ያልተቀመጥክበትን ታዛ ለሰው አትስጥ» የሚለው አባባላቸው ዛሬ የብየዳ ክፍሉ የማለፊያ ፈተና ነው። ከሠልጣኞቻቸው ጋር እየተቀመጡ አንድ ጊዜ ብቻ ክፉኛ ረጥበዋል፤ የዚያ ቀን ሠልጣኝ አሁን የክፍሉ ምክትል ኃላፊ ናት።

በስምንተኛው ዓመት። በበሩ አጠገብ ባለው በአሥራ አንደኛው ኮንቴይነር፣ ማለትም በጥበቃ ክፍሉ ላይ፣ እስከ መንገዱ ዳር የሚዘልቅ ታዛ ሠሩ፤ ልጆች ይዘው ሠልጣኞችን የሚጠብቁ ቤተሰቦች በፀሐይ ይቆሙ ነበርና። ፈቃድ አልጠየቁም። ጠይቀውን ቢሆን ኖሮ እስካሁን ስብሰባ ላይ ነበርን።

ባልደረባችን የማስጠንቀቂያ ደብዳቤው እንዲሻርላቸው በአራተኛው ዓመት፣ በሰባተኛው ዓመትና ዘንድሮ ከመታመማቸው በፊት በጽሑፍ ጠይቀዋል። ለመጨረሻ ጊዜ ሲያመለክቱ ለጸሐፊያችን እንዲህ ብለዋት ነበር፦ «እኔንስ አትጎዳኝም፣ ለምጃታለሁ። ልጄ ግን አንድ ቀን ታነባታለች። አባቴ ቸልተኛ ነበር እንዳትል ነው።» የሰጠናቸው መልስ ሦስቱንም ጊዜ «ጉዳይዎ በሂደት ላይ ነው» የሚል ነበር። በሂደት ላይ አልነበረም። የተናገሩት ቃል የሰፈረበት ቃለ ጉባኤ ከማኅደራቸው ጋር በአንድ ቁም ሣጥን ውስጥ ነበር፤ የከፈተው ሰው የለም።

ባለፈው ሐሙስ ባለቤታቸውና ልጃቸው ወደ ቢሮአችን መጥተው በአሠራሩ መሠረት ማኅደሩን ተረከቡ። ደብዳቤው ከላይ ነበር። ልጃቸው ቆማ እስከ መጨረሻው አነበበችው። ባለቤታቸው «ይኼ ነገር እስከ ዛሬ እዚሁ ነው?» ብለው ጠየቁ።

ስለዚህ አስተዳደሩ ዓርብ ዕለት ተሰብስቦ ደብዳቤውን ሽሯል። ታዛው የወደቀው በአስተዳደሩ ትእዛዝ እንደሆነ፣ ባለሙያው አደጋውን አስቀድመው እንደተናገሩ፣ በሥራቸውም ምንም ጉድለት እንዳልነበረ በይፋ እናረጋግጣለን። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚለን ቢኖር እውነቱን ነው።

ለባለቤታቸው፣ ለልጃቸው፣ በሥራቸው ለሠለጠኑ በያጆችና በታዛቸው ሥር ለተማሩ ሁሉ መጽናናትን እንመኛለን። ጋሼ፣ እናመሰግንዎታለን። በነበሩበት ዘመን ሁሉ በደህና ውለን የገባነው በእርስዎ ድካም ነው።

ይህ መግለጫ እስከዚህ ድረስ የወጣው በተቋሙ ስም ነው። የቀረውን በራሴ ስም እጨምራለሁ። ውሃ ልኩን በእጃቸው የሰጠሁት እኔ ነኝ፤ ደብዳቤውንም የፈረምኩት እኔ ነኝ። መሻሪያውን ነገ ጠዋት ቤታቸው ሄጄ ለልጃቸው በእጄ እሰጣለሁ፣ ከፈቀደችልኝም ቁጭ ብዬ አነብላታለሁ።

የተቋሙ አስተዳዳሪ