አሮጌው ፕላስተር

ማክሰኞ፣ ግንቦት 6 ቀን
ከምሳ በኋላ፣ ከልብስ ማጠቢያው ክፍል

ይድረስ ለምወድህ ልጄ፣

እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ እንደምታውቀው ነው፣ ደረጃ ሲያይ ያኮርፋል። አንተስ? የምራቴ ሳል ተሻላት? ትንሿስ ጥርስ አወጣች? በድምፅ የላክልኝን መልእክት ሁለቴ ሰማሁት። አንጀቴን በላኸው፣ ደግሞም አናደድከኝ። በስልክ የማልመልስልህ በስልክ ሰባኪ ስለሆንክ ነው፣ ታቋርጠኛለህ። ወረቀት ላይ ግን እስክጨርስ ዝም ትላለህ።

ጠላት እማዬን ከቦታዋ ገፍትሮ ጣላት፣ የምትሰብክለት ጉባኤ ሦስት ቀን ጾሞ ቦታዋን ያስመልስላታል ብለሃል። ተው ልጄ። ሰይጣን የሠራው ይበቃዋል፣ ያልሠራውን አትጫንበት። ተሸነፈች ብላ የነገረችህ አክስትህ ናት አይደል? እሷ ግማሹን ሰምታ ሙሉውን ታወራለች። ሙሉውን ከኔ ስማ።

ሥራዬን ታውቃለህ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሆስፒታሉን የቀዶ ሕክምና መሣሪያ አጥቤ፣ በጨርቅ ጠቅልዬ፣ የእንፋሎት መቀቀያው ውስጥ ስከት ኖርኩ። ጥቅሉ ላይ ፕላስተር እንለጥፋለን። ሲገባ መስመሩ ነጣ ያለ ነው፣ እንፋሎቱ ሲያገኘው ይጠቁራል፤ ጠቁሮ ካየኸው ተቀቅሏል ማለት ነው። ጨርቁ ግን ታጥቦ ሲመለስ አንዳንዴ የድሮው ፕላስተር እንደተጣበቀበት ይመጣል። ለስንቷ አዲስ ሠራተኛ «መጀመሪያ ላጪ፣ ከዚያ ጠቅልዪ» እያልኩ አፌ የደረቀው እኔ ነኝ።

ያን ሐሙስ ጠዋት ስልኬ ጮኸ። በጆሮዬና በትከሻዬ መሃል ይዤው እያወራሁ መጠቅለሌን ቀጠልኩ። ሐሳቤ ሁሉ ስልኩ ላይ ነበር። አሥራ ሁለት ጠቅልዬ መቀቀያው ውስጥ የከተትኩት አሥራ አንድ ነበር። አንዱ የድሮ ጥቁር ፕላስተር ስለነበረበት የተቀቀለ መስሎኝ በገዛ እጄ ንጹሑ መደርደሪያ ላይ አኖርኩት። ያወቅሁት መዝገቡን ስሞላ ነው። እስከዚያ ጥቅሎቹ በሙሉ ላይኛው ፎቅ፣ ቀዶ ሕክምናው ክፍል ደርሰዋል።

የክፍላችን ኃላፊ፣ እኛ «ቀስ በሉ» የምንለው፣ ስነግረው በሩን ዘጋ። ክፉ ሰው አይደለም፣ ለኔው አስቦ ነው። መብራት ተቋርጦ መቀቀያው ቆሞ ነበር እንበልና ጥቅሎቹን እናስመልስ፣ በሽተኛም አይጎዳ፣ አንቺም አትጠየቂ አለኝ። እውነቱን ልንገርህ፣ እሺ የሚለው ቃል ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። ጡረታ ልወጣ የቀረኝ ዓመት ከመንፈቅ ነው። ግን መብራት ነው ካልን ጨርቁን ማን ይፈትሻል? ነገ ሌላዋ ሳትልጥ ትጠቀልላለች።

ደረጃውን በዚህ ጉልበቴ ወጣሁ። ሐኪሙ ጓንት አጥልቆ በሩ ላይ ቆሟል። አንዱ ጥቅል አልተቀቀለም ስለው፣ መብራት ጠፍቶባችሁ ነበር ወይ ብሎ ጠየቀኝ።

«መብራቱማ ነበረ» አልኩት። «ያልነበርኩት እኔ ነኝ።»

ጥቅሉ ጠረጴዛ ላይ ተገኘ። ቀዶ ሕክምና የሚደረግላት ሴትዮ ተኝታ፣ ጥቅሉ ሊከፈት ሲል። ሥራው ሁሉ ወደ ከሰዓት ተላለፈ፣ ባሏም ኮሪደሩ ላይ ሰው ፊት ዕውር ብሎ ሰደበኝ። ምላሴን ታውቃታለህ። ልክ ነህ ብዬው አለፍኩ። ከደረጃው ይልቅ ያቺ ቃል ከብዳኛለች።

በማግስቱ ቁልፌን ተቀብለው እዚህ ታች አወረዱኝ። ማን ነበር የደወለልሽ ሲሉኝ፣ የኔን ጥፋት ነው የነገርኳችሁ አልኳቸው፤ ያንን ሆድ ይፍጀው። አሁን ጨርቁ ሁሉ በኔ እጅ ያልፋል። አንድም አሮጌ ፕላስተር እንደተለጠፈበት ወደ ላይ አይወጣም፣ ጥፍሬ ይመስክር። ያቺ ሴትዮም ሰኞ በእግሯ ወጣች። አንሶላዋን ያጠፍኩት እኔ ነኝ።

እና ይሄ ነው ሽንፈት? አንተ መድረክ ላይ ድል ስትል ተራራ ይናዳል። እኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የሥራ ልብሴን ስቆልፍ የጸለይኩት አንዲት ጸሎት ናት፦ ጌታ ሆይ፣ ዛሬ አታስዋሸኝ። መልሱ መጣ፣ ከነዋጋው መጣ። የጸሎቴን መልስ ጾመህ ልታስመልስብኝ ነው? አልፈቅድልህም። ቦታዬንም አልፈልገውም።

ጉባኤው መጾሙ ካልቀረ ላንተ ይጹም። ያን ሐሙስ ጠዋት ደውለህ «እማዬ፣ የማላምነውን እየሰበክሁ ነው» ብለህ ያለቀስከውን ለማንም አልተነፈስኩም። ግን ልጄ፣ መጀመሪያ አንተው ንገራቸው። የቆምክበት ቢወሰድብህ ይወሰድ። እናትህ ታች ወርዳ አይታዋለች፣ እግዚአብሔር እዚህም አለ።

እሱ ጉልበት ይሁንህ። ደፍረህ ስትናገር አጠገብህ ይቁም። ልጆቹን ሳምልኝ። ስትፈልግ ደውል፣ ሐሙስ ጠዋትም ቢሆን። አሁን የማጥፈው አንሶላ ነው፣ እያወሩ ቢያጥፉት ማንንም አይጎዳም።

እናትህ