ለክቡር ሸሪፍ ፔቲግሩ፦ ስለ ባለቤቴ እጅና ስለታደሰው የሽጉጥ ፈቃዱ

ለክቡር ሸሪፍ ሎይድ ፔቲግሩ
የዳንሞር አውራጃ ፖሊስ አዛዥ

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ጤናዎ፣ ቤተሰብዎና በተለይም እጅዎ ደህና እንዲሆኑ እመኛለሁ። እኛ ቤት የእጅ ጤና ብርቅ ሆኗል። ከዚህ በፊት በፖስታ የላክኋቸው ሁለት ደብዳቤዎች መልስ ስላላገኙ፣ ይህኛውን በአውራጃችን ጋዜጣ ማውጣቴን እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ በትህትና እለምናለሁ።

1ኛ. የሰባ አራት ዓመቱን ባለቤቴን፣ የኦርቪል ስታምፐርን፣ ሽጉጥ ከልብስ ሥር ደብቆ የመያዝ ፈቃድ ለአምስት ዓመት ስላደሱለት አመሰግናለሁ። ኦርቪል አርባ ዓመት የሰው ፀጉር ሲያስተካክል ኖሮ፣ እጁ መንቀጥቀጥ ጀምሮ የአንድ ደንበኛ ጆሮ ሲቆርጥ፣ ማንም ሳያዘው መቀሱን አስቀምጧል። መሥሪያ ቤትዎ ግን አንዲት ጥይት እንኳ ሳያስተኩሰው ፈቃዱን በፖስታ ልኮለታል። ስለ መንቀጥቀጡ ለጸሐፊዎ ባስረዳት፣ «እማማ፣ እሱን የምሞላበት ቦታ ቅጹ ላይ የለም» አለችኝ። ጨዋ ልጅ ናት፤ ቅጹን አገላብጣ አሳይታኛለች።

2ኛ. ኦርቪል ልምምድ አያጓድልም። ዘወትር ሐሙስ ጠዋት ወደ ተኩስ መለማመጃው ሄዶ፣ የሰው ምስል የታተመበት፣ የምስሉ ደረት ስምንት ዘጠኝ ቦታ የተበሳ የዒላማ ወረቀት ይዞ ይመለስና ማቀዝቀዣው ላይ ይለጥፈዋል። «ኔልዳ፣ እይው እንጂ! እጄ ቢሸመግል ዓይኔ መች ሸመገለ!» ይለኛል። እኔም «ጎበዝ» እላለሁ። ባለፈው ወር ግን ወረቀቱን ቀረብ ብዬ ሳየው፣ ጥግ ላይ ያለችው አንዲት ቀዳዳ ሰፊ ስትሆን ደረቱ ላይ ያሉት በሙሉ ጠባብ ናቸው። የመለማመጃውን ኃላፊ ድዌይንን ብጠይቀው አንገቱን ደፋ። «እትዬ ኔልዳ፣ በመጻፊያ እርሳስ እኛ ነን የምንበሳለት። ወረቀቱን አይቶ ፊቱ ሲጠቁር፣ ማን አንጀቱ ይችላል?» አለኝ። ተራ ገብተው ነው አሉ የሚበሱለት። የዳንሞር ሰው ደግ ነው።

3ኛ. ቤተ ክርስቲያናችንም እነዚያን ወረቀቶች አይታ ኦርቪልን ሽጉጡን ታጥቆ የሚቀመጥ የእሁድ በር ጠባቂ አድርጋ ሾማዋለች። ከሦስት ሳምንት በፊት ነፋስ በሩን ሲያላትመው እጁን ወደ ወገቡ ሰደደ። በሩ ላይ የነበረችው ኦርጋን የምትጫወትልን ቨርና ናት፣ የድንች ድስቷን ታቅፋ። ሽጉጡ በተቀደደው የኮቱ ገበር ተጠላልፎ ቀረ። ገበሩን ላለመስፋት ወስኛለሁ፤ አውራጃችን ለጊዜው ያለው የጥንቃቄ ደንብ እሱ ብቻ ነውና።

ክቡር ሆይ፣ እኔ ልነግረው አልቻልኩም። ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስቱንም ጊዜ ስለ ዝናቡ አውርቼ ተመለስኩ። መቀሱን ያስቀመጠ ዕለት በደንበኞቹ ወንበር ላይ ተቀምጦ ሲያለቅስ አይቼዋለሁ። እወደዋለሁ፤ እሁድ እሁድ ግን እፈራዋለሁ። እርስዎ ጠርተው ዒላማ ፊት አቁመው ቢፈትኑት ሕግ ነው፣ ሰው በሕግ አይቀየምም ብዬ ነበር ደጅ የጠናሁት። ስላልሆነ፣ ኦርቪል ይህን ሁሉ ረቡዕ ቁርሱ ላይ ከጋዜጣ ያነበዋል። እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ ሳህን አጥባለሁ። ወይ ይሰማኛል፣ ወይ ይቀየመኛል፤ ቢቀየመኝም ፈቃዱ አምስት ዓመት ይሠራል። ስለዚህም ጭምር አመሰግናለሁ።

ቅጽዎ ሳይጎድል፣ ማኅተምዎ ሳይደበዝዝ እግዚአብሔር ረጅም ዘመን በወንበርዎ እንዲያቆይዎ እየተመኘሁ፣ ምን እንደማደርግ የጠፋኝ ታዛዥዎ፣

ኔልዳ ስታምፐር

ማሳሰቢያ፦ በሚመጣው እሁድ ለሸሪፍነቱ ምርጫ ድምፅ ሊጠይቁን ወደ ቤተ ክርስቲያናችን እንደሚመጡ ሰማሁ። ከቢሮዎም ለፓስተራችን ተደውሎ፣ ለዚያች ዕለት ብቻ ኦርቪል በር ላይ እንዳይቀመጥ በአክብሮት ተጠይቋል። በዓመት ውስጥ የሚቀሩትን ሃምሳ አንድ እሁዶች በዚያ በር የምንገባው እኛ ነን።