በጓሮዬ ስለሚቆፈረው ቀለህ

ለተከበሩ ጓድ ደገፋ፣ የቀበሌያችን የአብዮት ጥበቃ ሊቀመንበር
ነፋስ ስልክ፣ ሐምሌ 1971 ዓ.ም.

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለባለቤትዎና ለልጆችዎ ሙሉ ጤንነት እየተመኘሁ፣ የዘንድሮው ክረምት ጉልበትዎን እንዳይቆረጥመው እጸልያለሁ። እኛ ደህና ነን። እኛ ስል እኔን ብቻ ማለቴ ነው፤ ባለቤቴ ሞልቱ፣ እንደሚያውቁት፣ ከቅዳሜ ጀምሮ የእርስዎ እንግዳ ሆኗል። በቀበሌያችን የግድግዳ ጋዜጣ ላይ ሰፊው ሕዝብ ሂሱን ያለ ፍርሃት እንዲያቀርብ በፊርማዎ የተለጠፈውን ጥሪ አንብቤ፣ ያለ ፍርሃት የሚለውን ማሟላት ባልችልም፣ ሂሱን ይዤ ቀርቤያለሁ።

ነገሩን ላልሰሙ የጋዜጣው አንባቢዎች ባጭሩ ላስረዳ። ቅዳሜ ረፋድ ላይ ጥበቃው ጓድ ደምሰው በአጥራችን ሥር ሲያልፍ ያገኘውን ያበደ ውሻ በኤም ዋን ጠመንጃው ተኮሰበት። ውሻው ወደ ጎፋ መንገዱን ቀጠለ። እንግዲህ የተኮሰ ጥበቃ ባዶውን ቀለህ ካላስረከበ ጥይቱን እንደሸጠ ስለሚቆጠርበት፣ ጓድ ደምሰው ቀለሁ አጥር ዘሎ ጓሯችን ውስጥ ወድቋል ሲል አመለከተ። ተፈለገ፣ ጠፋ። ሞልቱም ቀለሁን ደብቆ ለጸረ ሕዝቦች ሊያቀብል ነበር ተብሎ ተያዘ፤ ሰኞ ወደ ከፍተኛው እስር ቤት እንደሚተላለፍም ተነግሮኛል። ወደዚያ የተላለፈ ሰው ዘመዶቹ ስንቅ ይዘው ሲሄዱ እዚህ የለም እንደሚባሉ እርስዎም ያውቃሉ፣ እኔም አውቃለሁ። ስለዚህ የምጽፈው እየተቻኮልኩ ነውና ለእጅ ጽሕፈቴ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

አንደኛ፤ ስለ ጓሮዬ ምስጋናዬ ይድረስዎ። ጥበቃዎችዎ ጎመኔን ነቅለው፣ ጣት ያላከለውን ድንች አውጥተው፣ የዶሮዎቼን ቆጥ አፍርሰው፣ መሬቱን እስከ ጉልበት ቆፍረውልኛል። ከላይ የወደቀ ቀለህ ይህን ያህል እንዴት ሊሰምጥ እንደቻለ በትሕትና ብጠይቅ፣ ንቃተ ኅሊናዬ ዝቅተኛ መሆኑ ተገልጾልኛል። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ የተባለው እንዲህ ያለውን ሥራ ያዩ ሰዎች የተረቱት ሳይሆን አይቀርም።

ሁለተኛ፤ ስለ ጠመንጃው። በዚያች ሰዓት አጥሩ አጠገብ ልብስ አሰጣ ስለነበር ሁሉንም አይቻለሁ። ኤም ዋን ሲተኮስ ባዶውን ቀለህ ራሱ ወርውሮ የሚቀጥለውን ጥይት ራሱ መጉረስ አለበት። ያን ዕለት የተወረወረ ነገር አላየሁም። ያየሁት ጓድ ደምሰው ጠመንጃውን በሰደፉ አቁሞ ማቀባበያውን በጫማው ደጋግሞ ሲረግጥ፣ እንቢ ሲለውም ግራ ቀኙን ቃኝቶ፣ አንግቶት ሲሄድ ነው። ጠመንጃው ቀለሁን ውስጡ ነክሶ አስቀርቶበታል፣ ጓድ ሊቀመንበር። ቀለሁን ከንፈሩን ይዞ የሚስበው ጥፍር ተሰብሮ ወይም ዶልዱሞ ሊሆን ይችላል፤ ወይም ጠመንጃው ዘይት ሳያይ ስለከረመ ጥይት የሚጎርስበት ቦታ ዝጎ ቀለሁን አጣብቆት ይሆናል፤ አለዚያም ጥይቱ እርጥበት አግኝቶት ጉልበት አንሶታል። መፍትሔው አብዮታዊ ዘመቻ አያሻውም። ከኋላ የተደቀነውን ጥይት በጥንቃቄ አስወጥቶ፣ በአፈሙዙ በኩል የመወልወያውን ዘንግ አስገብቶ ገፋ ማድረግ ነው፤ ቀለሁ ጠብ ይላል። ጓድ ደምሰው ይህን ከሚናገር ይልቅ የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማለቱን መርጧል።

ይህን ሁሉ ከየት እንዳወቅሁ ለመመርመር እንዳይቸገሩ፣ አባቴ በቀድሞው ጦር መሣሪያ ጠጋኝ ነበሩ፤ እኔም ያደግሁት እሳቸው ፈታተው ያስቀመጡትን ብረት ላለመርገጥ እየዘለልኩ ነው። ለጥያቄ ከፈለጓቸው አድራሻቸው ሀና ማርያም ቤተ ክርስቲያን ግቢ ነው። ከቦታቸው ንቅንቅ አይሉም።

ሦስተኛ፤ ሞልቱም ሊይዙት ሲመጡ ይህንኑ ተናግሮ ነበር። ጓዶች፣ ቀለሁ እዚያው ጠመንጃው ውስጥ ይሆናልና እስቲ ክፈቱት አላቸው። በዚህች አንዲት ቃል ምክንያት የሰፊውን ሕዝብ መሣሪያ ስም በማጥፋትና ስለ መሣሪያ ያለውን ዕውቀት በመደበቅ ሁለት ተጨማሪ ወንጀሎች ተመርቀውለታል። ሞልቱ ልብስ ሰፊ ነው። የስፌት መኪናው ክር ሲነክስበት ደንበኛውን አያስርም፤ መኪናውን ይከፍታል። ጥፋቱ ሰው ሁሉ እንደዚያ የሚያደርግ መስሎት መናገሩ ነው።

አራተኛ፤ ስለ ውሳኔዎ። ዛሬ እሑድ ጠዋት ቢሮዎ ድረስ መጥቼ ጠመንጃው እንዲከፈት ስለምንዎ፣ ጠመንጃው ኤግዚቢት ስለሆነ በቁም ሳጥን ታሽጓል፣ ቀለሁ እስኪገኝ አይከፈትም ብለውኛል። ጠመንጃው ካልተከፈተ ቀለሁ አይገኝም፤ ቀለሁ ካልተገኘ ጠመንጃው አይከፈትም። ይህን የመሰለ ውሳኔ በአንድ ሰው ጭንቅላት ብቻ እንዳልተደረሰበት ስለምገምት ለመላው ኮሚቴ አድናቆቴን አቀርባለሁ።

ጎረቤቴ ዙሌካ፣ እግዜር ይስጣትና፣ ከቆራሌው አንድ ባዶ ቀለህ ገዝቼ ባስረክብ እንደሚሻል መከረችኝ። ቀኑን ሙሉ አሰብኩበት። ባመጣ ደብቆ ኖሯል ሊባል ነው፤ ባላመጣ እንደደበቀ ነው። በሁለቱም በር የሚወጣው ሞልቱ ነው፤ የሚሄደውም ወደዚያው ነው። ፈርቻለሁ ጓድ ደገፋ። ስንቁን ስቋጥር ነገም ተቀባይ ይኖረው ይሆን እያልኩ ቋጠሮውን መልሼ እፈታለሁ።

ስለዚህ ሰኞ ሳይመጣ ጠመንጃው በቀበሌው ሕዝብ ፊት እንዲከፈት እለምናለሁ። ቀለሁ በውስጡ ካልተገኘ እኔንም ከባለቤቴ ጋር በአንድ መኪና ይላኩኝ፤ ስንቅ ማመላለሱም ይቀርልኛል።

ለጓሮዬ እርሻ፣ ለባለቤቴ ማደሪያ፣ ለእኔም ትምህርት ስለሰጡኝ፣ ከጉልበቴ ዝቅ፣ ከአንገቴ ጎንበስ ብዬ የማመሰግንዎ፣ ውለታዎን እስከ ዕለተ ሞቴ የማልረሳ፣

አማከለች፣ የልብስ ሰፊው የሞልቱ ሚስት

ድኅረ ጽሑፍ፦ ጠመንጃውን ለማስከፈት ከፈቀዱ፣ አደራዎን፣ አፈሙዙ ወደ እስረኞቹ ክፍል እንዳይዞር። ከቀለሁ ኋላ ያልተተኮሰ ጥይት አለ፤ የክፍሉም ግድግዳ ጭቃ ነው። ያ ጠመንጃ ያነጣጠሩበትን ውሻ ስቶ ያላነጣጠሩበትን ሞልቱን አንድ ጊዜ መትቶታል፤ አንዱ ይበቃዋል።